ሞተሩ ሲሞቅ ለሚጠፋ ቮልስዋገን

ጥያቄ፦ «አባቴ ትተውልን ያለፉት የ1965 ሞዴል ቮልስዋገን ስድስት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ልጆቼ ባለ 53 ቁጥሯን ቮልስዋገን ኸርቢን በፊልም ካዩ ወዲህ በእኛዋ ካልሄድን ብለው አስቸገሩኝ። አዲስ ባትሪ አስገብቼ ተነሣች፤ ሩብ ሰዓት ከሄደች በኋላ ግን ትጠፋለች፤ አርፋ ደግሞ ትነሣለች። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ኸርቢ የ1963 ሞዴል ናት፤ የእናንተዋ የሁለት ዓመት ታናሿ እንደሆነች ለልጆቹ ይንገሯቸው።

ሞቆ የሚጠፋ፣ አርፎ የሚነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ ወይ ቤንዚን አይደርሰውም ወይ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ሲሞቅ ይደክማል። ከታች የምነግርዎትን የባትሪና የቱቦ ጥንቃቄ ከፈጸሙ በኋላ፣ እንደጠፋች ወዲያው ከፊት ኮፈኑን ከፍተው የቤንዚን መያዣውን ክዳን ይፍቱ። አየር ሲስብ ከሰሙና ሞተሩ ከተነሣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ማጽዳት ይበቃል። ካልሆነ መካኒክ አንድ ካንዴላ ፈትቶ ብልጭታውን ይይ። ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ኮይሉ ደህና ነው፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ኮይሉንና ፑንቲናውን፣ ማለትም የኮይሉን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋውን ክፍል፣ ይፈትሽ። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው።

እኔ አጥብቄ የምጠረጥረው የቤንዚን መያዣውን ነው። ስድስት ዓመት የቆመ መያዣ ውስጡ ይዝጋል። ሞተሩ ሲስብ ዝገቱ መውጫውን ይደፍናል፤ ሲቆም መልሶ ይረግፋል። መያዣው ወርዶ ሳይታጠብ ካርቡራቶር ማጽዳት ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገር ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አስጨንቆኛል። የቮልስዋገን ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ልጆችዎ በሚቀመጡበት ቦታ። ያስገቡት ባትሪ ከቀድሞው ይረዝማል? መሸፈኛውስ ተመልሷል? ልጆቹ ሲቀመጡ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ወንበሩ ሊቀጣጠል ይችላል። ቁመቱ ልክ የሆነ ባትሪና መሸፈኛው የግድ ናቸው።

የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹንም ሁሉንም ያስቀይሩ፦ ከመያዣው ሥር ያለውን፣ ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ያለውን፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውን። በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ቱቦ ሲሰነጠቅ ከውጭ አይታይም። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም። እስኪቀየሩ ድረስ ሞተሩን ለሙከራም ቢሆን አያስነሡ፤ ከኋላም ለልጆቹ የደህንነት ቀበቶ ያስገጥሙላቸው።