ለፌሬት ቀን ኬክ ይሰጠው ወይ ላልሽው

ኬኩን ለልጆቹ ቁረጪላቸው፣ ለፌሬቱ ግን (ሰውነቱ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ቤት ውስጥ የሚረባ ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ነው) እንዳትሰጪው። ልጅሽ አልተሳሳተችም፣ ኤፕሪል 2 አሜሪካ ውስጥ የፌሬት ቀን ነው። እንስሳው ግን ሥጋ ብቻ ነው የሚስማማው፤ አንጀቱ አጭር ስለሆነ የበላው በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ ይወጣል፣ ስኳርና ዱቄት ይጎዳዋል፣ ቸኮሌትማ መርዝ ነው። ዘቢብም ይቅርበት።

በኬኩ ፋንታ፦

1. ጨውም ቅመምም ያልነካው የዶሮ ሥጋ ቀቅለሽ አድቅቀሽ ክተፊለት።
2. የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ትንሽ ፈርፍሪበት። በቃ።

ድግሱን ወደ ማታ አድርጉት። በቀን ከ14 ሰዓት በላይ የሚተኛ ፍጡር ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ቀስቅሳችሁ ፎቶ ብትሉት ያኮርፋል። (እናቴ የኛን በቪዲዮ አይታ «ፋሮ ቤት አስገባችሁ?» ብላ ነበር።)

አንድ ነገር ግን ከደረሰብኝ ልንገርሽ። ፊኛ አትስቀሉ። ፌሬት ላስቲክ ነገር ሲያይ አያስችለውም፤ የኛው የቲቪ ሪሞት ቁልፎችን ከሶፋ ሥር ወስዶ አንድ በአንድ ነቅሎ ውጧል፣ እኛ ደግሞ ምግብ ሲተው ደክሞት ነው ብለን አንድ ቀን ሙሉ አሳለፍን። በመጨረሻ በኦፕራሲዮን ነው የወጣለት፣ ሂሳቡን አትጠይቂኝ። ስለዚህ ድግሱ ሲያልቅ ወለሉን ጥረጉ፣ ሶፋው ሥርም እዩ። ካስመለሰው ወይም ካካ ማለት ካቆመ ሳታድሪ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው።