በአማርኛ ብጠይቅ ምናለበት? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ጊዜ ከየአገሩ ሰው ስለሚሰባሰብባቸው የኦንላይን መድረኮች ጥቂት ጽፌ ነበር። አባላት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያወሩበት ክፍል ያስፈልጋቸዋል ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ በደብዳቤ ሆኛለሁ። አንዳንዶቹን አሳጥሬ፣ በራሴ አነጋገር አቀርባቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አዳማ የሚማር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ኮዱ አልሠራ ሲለው አንድ ትልቅ የፕሮግራመሮች መድረክ ላይ ጠየቀ። ሦስት መስመር እንግሊዝኛ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀበት። «ጥያቄህ ግልጽ አይደለም» ተባለና ተዘጋበት። እንግሊዝኛዬ እስኪስተካከል ዝም ልበል ወይስ የአማርኛ ክፍል ይከፈትልን ብለን እንጠይቅ ይላል።

መልስ፦ ዝም እንዳትል ወንድሜ። እኔም እንዳንተ ተዘግቶብኝ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ምንም ሳልጠይቅ ቆየሁ፣ ያ ስድስት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ ችግርህን በደንብ ታውቀዋለህ። ለጓደኛህ በአማርኛ ብትነግረው በሁለት ደቂቃ ይገባዋል። እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፣ አንባቢውም የቀረውን አያየውም።

ይህን ትልልቆቹም የተረዱት ቆይተው ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ በ2008 ሲጀመር በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በኋላ የፖርቱጋልኛ፣ የሩሲያኛ፣ የጃፓንኛና የስፓኒሽ ተጨመሩለት። የእንግሊዝኛው ትርጉም እንዳይመስልህ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጠያቂና የራሱ መላሽ አለው። ብራዚላዊው ልጅ በቋንቋው ይጠይቃል፣ ኮድ የሚጽፍበት ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን አንተ የምትጽፍበት ያው ፓይተን ነው።

ታዲያ አማርኛ ለምን የለም? ጠያቂማ ሞልቷል። የጎደለው መላሽ ነው። አማርኛ የሚናገረው ሰው በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ የአማርኛ ዊኪፔዲያ ግን ያለው ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ደግሞ ቁጥር ብቻውን አያኩራራም። ፊሊፒንስ ውስጥ የሚነገረው ሴቡዋኖም ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው፣ አብዛኛውን የጻፈው ግን አንድ ስዊድናዊ የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስለዚህ «ይከፈትልን» ከማለታችሁ በፊት መላሾቻችሁን ቁጠሩ። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰጡ አምስት ሰዎች ካገኛችሁ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ጀምሩት። አዲስ አበባም ሆነ ሲያትል ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ፕሮግራመሮች፣ ይሄ ለእናንተም ነው። እናንተ እንደዚህ ልጅ ተቸግራችሁ ነው የተማራችሁት፤ አንድ ሰዓት አይከብዳችሁም።

አንድ ነገር አደራ። የስህተት መልእክቱን እንዳትተረጉመው፣ እንዳለ ገልብጠህ ለጥፈው፤ ሌላውም ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገው እሱን ነው። እንደ ፈንክሽን ያለውን የሙያ ቃልም አትተርጉመው፣ ፈንክሽን በለው።

ጥያቄ፦ አማርኛ በላቲን ፊደል ብንጽፍ አይቀለንም?

መልስ፦ በፊደላችን ጻፉ። ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ውስጥ ፊደላችን የገባው በ1999 ነው፣ ስልካችሁ ላይ ኪቦርዱን መጨመር ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት ናት። የኪሮሽና የዳንቴል ሥራ ወዳጆች ዓለም አቀፍ ማኅበር ውስጥ አድሚን ነች። ስልሳ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን አባላት የአማርኛ ክፍል ጠየቁ። የሥራ ጓደኞቿ «ለሁሉም ቋንቋ ከከፈትን ማኅበሩ ይበታተናል» ብለዋል።

መልስ፦ ፍርሃታቸው ይገባኛል እህቴ፣ ግን አሁንስ መቼ አንድ ሆኑ? የአሜሪካና የእንግሊዝ ሴቶች ራሳቸው እንግሊዝኛ እየተናገሩ ይምታታባቸዋል። አሜሪካ «ሲንግል ክሮሼ» የሚባለው የኪሮሽ አሠራር እንግሊዝ አገር «ደብል ክሮሼ» ነው። አንዷ የሌላዋን አሠራር አንብባ ብትጀምር ሥራው ልኩን ይስታል። የእኛ እናቶች ደግሞ ዳንቴል ሲሠሩ የኖሩት ምንም ሳያነቡ፣ ከጎረቤት እያዩ ነው። እነዚህን ሴቶች በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ጠይቁ ማለት ዝም በሉ ማለት ነው።

መለኪያ ከፈለግሽ እዚያው ጎረቤትሽ አለልሽ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ አንድን ቋንቋ የሚናገሩት 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ከደረሱ፣ ከሁለቱ ያነሰው ተወስዶ፣ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ ይተረጎማሉ። አማርኛም እንዲህ ነው የገባው። ደስ የሚለኝ ቁጥሩ አስቀድሞ መቀመጡ ነው፤ ማንም ማንንም አይለማመጥም። እናንተም ቁጥራችሁን ወስኑ። ሃምሳ አባል ይበቃል ካላችሁ፣ ለቬትናሞቹም ለፖላንዶቹም ሃምሳ ይብቃ።

ከዚህ በኋላ የምለውን ግን አጥብቄ ነው የምለው። ቋንቋውን የሚያነቡ ቢያንስ ሁለት አድሚኖች ሳይኖሩ እንዳትከፍቱ። አማርኛ የማያነብ ሰው የአማርኛ ክፍል መጠበቅ አይችልም። በስኮትላንድ ስኮትስ ቋንቋ የተዘጋጀው ዊኪፔዲያ በ2020 የገጠመውን ተመልከቺ፤ ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፎች ጽፎበት ተገኘ። ለዓመታት ማንም አላስቆመውም፣ ምክንያቱም የሚያነብ ጠባቂ አልነበረም። እሱስ የቃላት ጉዳይ ነው። የእኛው አገር ቁስል ከዚያ ይከፋል። በ2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስለ ፌስቡክ ስትመሰክር ኢትዮጵያን ስም ጠርታ አነሳች። ኩባንያው ለደኅንነት የሚያወጣው ገንዘብ በብዛት ለእንግሊዝኛ እንደሚውል ተናገረች። በጦርነቱ ወቅት በቋንቋዎቻችን ምን ምን ይጻፍ እንደነበር አንቺም እኔም አይተናል። ስለዚህ የኪሮሽ ክፍል ነው፣ ምን ይመጣል አትበይ። ሰው ባለበት ሁሉ ስድብም አለ።

መበታተኑን ለማስቀረት በየወሩ አንዲት አባል ከአማርኛው ክፍል ጥሩ ጥሩውን በእንግሊዝኛ ወደ ዋናው ታምጣ፤ ከዋናውም ወደ አማርኛው ትመልስ። የእናቶቻችንን ዳንቴል ያዩ ፖላንዶች ደግሞ አንቺኑ ማስቸገራቸው አይቀርም።

ጥያቄ፦ የትርጉም መሣሪያ እያለ የተለየ ክፍል ምን ያደርጋል?

መልስ፦ መሣሪያው ይጠቅማል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ጎግል አማርኛን በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2022 ጨምሯል። ዕቃ ለመግዛት፣ ዜና ለመረዳት ይበቃል። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ግን እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፈዋል፣ እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ አለን። ሴትዮዋን «አንተ» ብሎ ያመጣልሻል። «ሆድ ባሰኝ» ያለችን ሴት ሆዷን አመማት ብሎ የሚተረጉም መሣሪያ ላይ ልቧን እንዴት ትጥላለች? ለመረጃ መሣሪያው ይሁን፣ ለጨዋታና ለኀዘን ሰው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ የምትሠራ እህት ናት፣ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር። ደም ሲታያት የእናቶች ዓለም አቀፍ ግሩፕ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈች፣ ሃያ ሰው ሃያ ዓይነት መልስ ሰጣት። የአማርኛ ክፍል ካለ ጠቁሙኝ ትላለች።

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ባየሁበት ሰዓት ለብቻዋ መልሻለሁ። እዚህ የማወጣው ለሌሎቻችሁ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም ከታየሽ የትኛውም ግሩፕ ላይ አትጻፊ፣ በየትኛውም ቋንቋ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ከባድ ሕመም ወይም ራስ ማዞር ካለ አምቡላንስ ጥሪ። ቋንቋ ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ከሌለ አረብኛ የምትችል ጓደኛሽን ይዘሽ ግቢ። መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሕመም እንዳለውና የምትወስጂውን መድኃኒት ወረቀት ላይ አስጽፊ። የአማርኛው ክፍል ከሐኪም ስትመለሺ ነው የሚጠቅምሽ። አይዞሽ የሚልሽ ሰው እዚያ አለ፣ መድኃኒት የሚያዝልሽ ግን እዚያ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ በአረብኛ የተጻፈ የሥራ ውል ግሩፕ ላይ ለጥፌ ባስተረጉም ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ የግል መረጃዎ አለበት። ለጠበቃ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ። አማርኛ አማርኛ ትላለህ፣ የእኛ የአፍ መፍቻ ሲዳምኛ ነው። እኛስ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ከዚህ ቀደም ስጽፍ ማንሳት ነበረብኝ። ለአማርኛ የጠየቅሁት ለሲዳምኛም፣ ለወላይትኛም፣ ለአፋርኛም ነው፣ በዚያው መለኪያ። ቋንቋ ትንሽ ስለሆነ ክፍል አይገባውም የሚል ሰው ነገ አማርኛንም ከእንግሊዝኛ አንጻር ትንሽ ነው ይለዋል። ግን የአፋርኛ ዊኪፔዲያ ተከፍቶ መዘጋቱን እወቁ። ስለዚህ በሩን ከማስከፈት በፊት ውስጡን አዘጋጁ። ለሕዝባችሁ ይጠቅማል የምትሉትን፣ የቡናም ይሁን የእንሰት፣ አስር ጥያቄ ከነመልሱ በሲዳምኛ ጻፉ። ስትጨርሱ ንገሩኝ፣ የት ማስቀመጥ እንደሚሻል አብረን እናያለን።