የ20 ወር ልጄ እርሳስ በጭብጡ ይይዛል፤ ቤት ውስጥ ምን ላለማምደው?

ጥያቄ፦ ልጄ 20 ወሩ ነው። ማንኪያም ሆነ እርሳስ ስሰጠው በጭብጡ ይይዛል፤ ወረቀት ላይም ከመሞነጫጨር በቀር መስመር አያወጣም። ልዩ መጫወቻ ሳልገዛ፣ ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ እጁን ላፍታታለት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። አስቀድሜ ግን በጭብጥ መያዝ በዚህ ዕድሜ ጉድለት እንዳልሆነ ልንገርዎ። የልጅዎ የእጅ አንጓ አጥንቶች አብዛኞቹ ገና ልምአጥንት (ለስላሳ፣ ወደ አጥንትነት ያልጠነከረ አካል) ናቸው፤ እርሳስን በጣቶች ጫፍ አስተካክሎ መያዝም ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ችሎታ ነው። ብዙ ልጆች ትንሽ ነገርን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቆንጥጠው ማንሳት የሚችሉት 1 ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ በ18 ወር አካባቢ ይሞነጫጭራሉ፣ በ2 ዓመት ገደማ ቀጥ ያለ መስመር አይተው ይሞክራሉ፣ ክብ የሚሥሉት ደግሞ ወደ 3 ዓመት ሲጠጉ ነው።

ስለዚህ እርሳሱን ለጊዜው ይተዉትና እጁን በሥራ ያጠንክሩለት። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ውሃ ነው፦ ጥልቀት በሌለው ሳህን ውስጥ ስፖንጅ ነክሮ ሲጨምቅ መዳፉ ይበረታል፣ ከኩባያ ወደ ኩባያ ሲገለብጥ ደግሞ አንጓውን ማዞርና አንዱ እጅ ሲይዝ ሌላው እንዲሠራ ማድረግ ይማራል። ሕፃን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ስለሚችል ከአጠገቡ ለአፍታም አይራቁ፤ ሲጨርስም ውሃውን ወዲያው ይድፉት።

ያገለገለ ወረቀት መቅደድም ሁለቱን እጆች በተቃራኒ አቅጣጫ ያሠራል። የልብስ መቆንጠጫ መጭመቅ በ20 ወር ይከብዳል፤ እርስዎ በካርቶን ጠርዝ ላይ ቢሰኩለት ግን ስቦ ያወጣዋል። በዚህ ዕድሜ ማውለቅና መክፈት ከማጥለቅና ከመክደን ይቀድማልና ካልሲውን ራሱ እንዲያወልቅ ጊዜ ይስጡት፤ ቸኩሎ የሚያወልቅለት ወላጅ የዕለቱን ምርጥ ልምምድ ይወስድበታል። መሞነጫጨር ሲያምረው ወረቀቱን በደረቱ ትክክል ግድግዳ ላይ ይለጥፉለትና ወፍራም ከለር ይስጡት፤ በቆመ ገጽ ላይ ሲሠራ ትከሻው ይጠነክራል፣ አንጓውም ለጽሕፈት የሚያስፈልገውን አቀማመጥ ይለምዳል። አምስት ደቂቃ ከቆየበት በቂ ነው።

ለእጅ ልምምድ ተብሎ ባቄላ፣ ዶቃ ወይም ትንንሽ የልብስ ቁልፍ እንዲለቅም የሚሰጡ ወላጆች አሉ፤ ይህን አልደግፍም። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ የያዘውን ወደ አፉና ወደ አፍንጫው ስለሚወስድ፣ በመጸዳጃ ወረቀት ጥቅልል ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከመጫወቻው ይውጣ። ክብና ጠፍጣፋ ትንንሽ ባትሪዎች ደግሞ ከተዋጡ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥሉ ይችላሉ፤ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ለምርመራ የሚያበቃው ሌላ ነው፦ ልጅዎ ከ18 ወር በፊት ጀምሮ በአንድ እጁ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሌላውን እጁን ጨብጦ የሚያቆይ ወይም የሚደብቅ ከሆነ፣ ትንሽ ነገር በሁለት ጣቶች ማንሳት ካልቻለ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ከተወ፣ 2 ዓመት እስኪሞላው ሳይጠብቁ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።