አፓቼ ይበልጣል ሚ-24? ብላችሁ ለምትጨቃጨቁ ልጆቼ

ሰሞኑን ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ እስቲ ገላግለን። ከአፓቼና ከሚ-24 የትኛው ይበልጣል?» አለኝ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ስለ ሁለቱ ተዋጊ ሄሊኮፕተሮች፣ ስለ አሜሪካው አፓቼና ስለ ሶቪየቱ ሚ-24፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ከርመዋል። ፍጥነቱን፣ የሚሳይሉን ብዛት፣ የመድፉን ስፋት እንደ ኳስ ውጤት ደርድረውታል። ያኔ ስቄ አለፍኩት። መልሱ ለእናንተም ስለሚሆን ይኸው ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ፀጉሬ የሸበተው ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምትሏት ከተማ፣ ሚ-24 ስጠግን ነው። ስለዚህ ትንሽ ባዳላ አትፍረዱብኝ። አፓቼን በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ የማውቀው አንብቤ ነው።

ሚ-24 አጠገብ ስትቆሙ መጀመሪያ የምታዩት የጎኑን በር ነው። ለሁለት ይከፈታል፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። የታችኛው መረገጫ አለው። ከውስጥ ስምንት ወታደር ይቀመጣል። ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሰው ጭኖ ምን ያደርጋል? የሶቪየቱ ንድፍ አውጪ ሚካሂል ሚል ያሰበው የሚበር ብረት ለበስ ነበር። ወታደሩን ያደርሳል፣ እዚያው በተኩስ ይሸፍነዋል። ማሽኑ በ1969 በረረ፤ ሚል በ1970 መጀመሪያ ሞተ።

ይህን የሚያህል ክብደት በፍጥነት ለማብረር ክንፍ ተጨመረለት። ክንፎቹ ሮኬት ከመሸከማቸውም ሌላ፣ በፍጥነት ሲበር ከክብደቱ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ያነሳሉ። ቆሞ ሲንሳፈፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከላዩ የሚሽከረከረው ሮተር ወደ ታች የሚገፋው አየር እነዚያኑ ክንፎች ይመታል። ደብረ ዘይት ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። በቀትር ፀሐይ ሙሉ ጭኖ ቀጥ ብሎ ልነሳ ቢል ሞተሩ ያቃስታል። ስለዚህ እንደ አውሮፕላን ተንደርድሮ ይነሳል። ሶቪየቶችም አፍጋኒስታን ተራሮች ላይ ይኸው ገጥሟቸው ብዙ ጊዜ ያለ ወታደር ያበሩት ነበር። የተመካበት ክፍል ባዶውን ሄደ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ የተነሱት ከሌላ ጭንቀት ነው። ቬትናም ላይ ወታደር የጫኑ ሄሊኮፕተሮቻቸውን የሚያጅብ ቸግሯቸው ኮብራ የሚባለውን ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሠሩ። ወታደር የሚጭነውን የሂዩ ሄሊኮፕተር ሞተርና ሮተር ወስደው አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቀጭን አካል አለበሱት። አፓቼ በ1975 ሲበር ግን ሐሳባቸው ጀርመን ላይ ነበር፤ የሶቪየት ታንክ እንደ ጎርፍ ቢመጣስ? ስለዚህ አፓቼ አድፋጭ ነው። ከዛፍና ከኮረብታ ጀርባ ይደበቃል፣ ብቅ ብሎ ከሩቅ ሄልፋየር የተባለውን ፀረ ታንክ ሚሳይል ይተኩሳል፣ ይመለሳል። በኋላ የመጣው ሎንግቦው የተባለው የአፓቼ ዓይነት ራዳሩን ከሮተሩ በላይ የሰቀለው ለዚሁ ነው፤ አካሉ ተደብቆ ጉልላቱ ብቻ አሻግሮ ያያል። ሰው አይጭንም። ቢወድቅ ግን እግሩም ወንበሩም ምቱን እንዲውጡ ተደርገው ተሠርተዋል።

እና በመጋቢት 2003 ኢራቅ፣ ካርባላ አጠገብ፣ ከ30 ያላነሱ አፓቼዎች በሌሊት ገቡ። መደበቂያ ኮረብታ የለም፤ ከሥራቸው ቤትና መንደር ነው። ከየአቅጣጫው በጠመንጃና በመትረየስ ተቀበሏቸው። አንዱ ወደቀ፣ ሌሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተበሳስተው ተመለሱ። አንዱ ይህን አንብቦ «አፓቼ ደካማ ነው» ይላል። ሌላው «ያን ሁሉ ጥይት ጠጥቶ ቤቱ ገባ» ይላል። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ያልታሰበለት ቦታ ሄዶ ተመታ፤ ለመመታት ታስቦ ስለተሠራ ተመለሰ።

ሌላው የሶቪየት ሄሊኮፕተር ሠሪ ቤት ካሞቭ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። ለመርከብ ሲሠራ የኖረ ቤት ስለሆነ ሁለት ሮተር አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል፤ የጭራ ሮተር የለውም። ተዋጊው ካ-50 አብራሪው አንድ ብቻ ነበር። አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሮተሩ ብሌዶች በፈንጂ ይበተናሉ፣ ከዚያ ሰውየው ወደ ላይ ይወነጨፋል። በካ-52 ሁለት ሰው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ግብፅ አፓቼም ካ-52ም አላት፤ እስቲ «የትኛው ይበልጣል» ብላችሁ እሷን ጠይቋት።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። የሚ-24 ሞተር ክዳን ወደ ታች ሲከፈት መቆሚያ ይሆናል። መሰላል ፍለጋ አትሮጡም፤ ክዳኑ ላይ ቆማችሁ ትሠራላችሁ። በየሜዳው ለሚጠግን ወታደር የታሰበ ነው። እዚያ ላይ ቆሜ ስሠራ ውዬ አንድ ቀን መሣሪያ ስቆጥር ካቻቢቴ ጎደለ። ሞተሩ ጋ ወድቆ ከሆነ አለቀልን። በረራው ቆመ። ባትሪ እያበራን ፈተሽን፣ ፈተሽን። ማታ የተገኘው የት ይመስላችኋል? በራሴ ቱታ የኋላ ኪስ። አለቃዬ አልጮኸብኝም። የመቁጠሪያውን ዝርዝር ሰጠኝና ወር ሙሉ የሁሉንም ሰው መሣሪያ አስቆጠረኝ። ከእናንተ መካከል ንድፍ የሚያወጣ ሰው ካለ፣ ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ሳምንት ቱታ ለብሶ ከጠጋኞቹ ጋር ይዋል።

ለእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ሰጥቼዋለሁ። ከሚል ቤት ከሚ-24 በኋላ የመጣው ሚ-28 ስምንቱን መቀመጫ ትቷል። ግን በግራ ጎኑ፣ ከክንፉ ኋላ፣ አንዲት ትንሽ በር አለችው። ከውስጥ ወንበር የለም፣ ሁለት ሦስት ሰው ተጨናንቆ ይገባባታል። ጓደኛቸው ሲወድቅ ወርደው እንዲያነሱት ነው። ይህች በር ስንት ኪሎ ክብደት ጨመረች፣ ያን ክብደት ለሚሳይል ከመስጠት ለምን ለሷ ሰጡት? አስልተህ ና፣ ከዚያ እንጨቃጨቃለን ብዬዋለሁ።