ዳጉሳ ለአረቄ ብቻ ነው ያለው ማነው?

የጓዳ ጥያቄዎቻችሁን ተራ በተራ የምንመልስበት አምድ ነው። በዚህ እትም ነገሩ ሁሉ ዳጉሳ ላይ ወድቋል። ብርዱ ነው መሰለኝ፤ ሰው ከሻይ ጋር ትኩስ ነገር አምሮታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ህንዳዊ ጎረቤት አለን፤ ባለቤቱ ጉጃራት ከሚባለው የምዕራብ ህንድ ግዛት ናት። ሻይ ስትጠራን አረንጓዴ ቅጠልና ሰሊጥ የገባበት፣ ቅመም ቅመም የሚል ቀጭን ቂጣ ታቀርባለች። ዴብራ ትለዋለች። ዱቄቱን ከአገሯ ነው የምታመጣው። እኔ በዳጉሳ ልሠራው ብዬ ሊጡ ተሰነጣጠቀብኝ፤ ግማሹም ምጣዱ ላይ ቀረ። ዳጉሳ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ እንዲያውም አሳምሮ ይሆናል። የተሰነጠቀብሽ ዳጉሳውን እንደ ስንዴ ስለያዝሽው ነው። የስንዴ ሊጥ የሚለጠጠው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ስላለው ነው፤ ዳጉሳ ግን ግሉተን የለውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ብታሺው አይሳብም። በመዳመጫ ስትጫኚው ጠርዙ ይፈነዳል፤ ላንሳው ስትዪ ለሁለት ይከፈላል።

ጎረቤትሽ የምትጠቀምበት ዱቄት የባጅራ ነው። ባጅራ እኛ ቡልቱግ የምንለው እህል ነው፤ በአገራችን እንደ ኮንሶ ባሉ የደቡብ አካባቢዎች ይበቅላል። እሱን ፍለጋ ጎንደርን አትዙሪ። ዳጉሳ ሌላ እህል ቢሆንም ሥራው ላይ ጠባያቸው ይቀራረባል። ደግሞም ጉጃራቶች ዳጉሳን አያውቁትም እንዳይመስልሽ። በደቡብ ጉጃራት ዳንግ በሚባለው ተራራማ ወረዳ ናግሊ ብለው ይዘሩታል፣ ቂጣም ይጋግሩበታል። እህሉ መጀመሪያ የለመደው በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ ህንድ የገባው ከዚህ ተነስቶ ነው። እኛ ግን ለጠላና ለአረቄ ካልሆነ የድሃ እህል አድርገን ጥግ አስይዘነዋል፤ ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሁለት ኩባያ የዳጉሳ ዱቄት ያዢ። ከላዩ አንድ ኩባያውን ለብቻ አድርጊና የፈላ ውሃ ጥቂት በጥቂት እያፈሰስሽ በማንኪያ አማስዪው፤ ወፈር ያለ ገንፎ እስኪመስል ድረስ። ትንሽ ይብረድ። ለእንጀራ አብሲት የምትጥዪው ለምንድን ነው? የበሰለው ሊጥ ያልበሰለውን እንዲይዝልሽ አይደል፤ እዚህም ሥራው ያው ነው። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች የፈላ ውሃ ሲያገኘው ያብጥና ይጣበቃል፤ በግሉተን ፋንታ የሚይዝልሽ እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላትና ዳጉሳውን ይረግማል።

ከዚያ የቀረውን ዱቄት ጨምሪበት። ግማሽ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ብትቀላቅዪ ሥራው ይቀልልሻል፤ ብዙ የጉጃራት ቤቶችም ያደርጉታል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ቤት ካለ ግን ተዪው፤ የአብሲቷ ዘዴ ብቻዋን ትበቃለች። ቀጥሎ ግማሽ ኩባያ እርጎ፣ የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ሁለት ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ቆንጠር አድርጎ ነጭ አዝሙድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ፣ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይገባል። ጉጃራቶች ትንሽ ጥቁር የሸንኮራ ስኳር ይጨምራሉ፤ ምግባቸው ጣፈጥ ማለት ይወዳል። አንቺ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ብታደርጊ ይበቃል። ሰሊጡን ግን እንዳትሰስቺ። መተማና ሁመራ ሰሊጥ እየተመረተ ጎንደር ላይ በቁንጥር መነስነስ ነውር ነው።

ቅጠሉ የአብሽ ቅጠል ነው። እኛ ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን አንበላም፤ ገበያም ላይ አይወጣም። መላው ቀላል ነው። አብሹን ሌሊት ዘፍዝፈሽ በአሮጌ ጀሪካን አፈር ላይ ዝሪው። ቶሎ ይበቅላል፣ በሦስት አራት ሳምንት ለመቆረጥ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ጎመን ደቀቅ አድርገሽ ከትፊና ቁንጥር የአብሽ ዱቄት ጣል አድርጊበት፤ ሽታው እዚያው ነው። ከሁለት እፍኝ የማያንስ ቅጠል ይግባ። ቅጠሉ ውሃ ስለሚተፋ ሊጡን መጀመሪያ ጠንከር አድርጊው፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ሸፍነሽ አቆዪው። ዳጉሳ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው።

መዳመጫውን እርሺው። ፌስታል ቀድደሽ ዘርጊና ዘይት ቀቢው። የእንቁላል የሚያህል ሊጥ አስቀምጪበትና እጅሽን ውሃ እያስነካሽ በመዳፍሽ ጠፍጥፊው፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ጠርዙ ሲሰነጠቅ በእርጥብ ጣት መልሺው። ብረት ምጣዱ መካከለኛ እሳት ላይ በደንብ ይጋል፤ ከፌስታሉ ወደ መዳፍሽ ገልብጠሽ ጣዪው። ወዲያው አትነካኪው! ሥሩ ሳይጠነክር የምታነሺው ከሆነ ምጣዱ ላይ የሚቀረው ያኔ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይለቃል። ገልብጪ፣ ዙሪያውን ትንሽ ዘይት ጣል ጣል አድርጊ፣ ነጠብጣብ ሲያወጣ አውጪው። በእርጎም በአዋዜም ይሄዳል። ለነገ የሚተርፈውን በጨርቅ ጠቅልይው። ጉጃራቶች ባቡር ሲሳፈሩ ስንቅ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፤ በጎንደር ብርድ ለሁለት ቀን ምንም አይለው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው፣ ጡረተኛ ነኝ። ስኳር አለብኝ። ዳጉሳ ለስኳር መድኃኒት ነው ብለው ሰዎች መከሩኝ። ይሄ ቂጣ ይሆነኛል ወይ? በዘይት የተጠበሰውስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ መድኃኒት አይደለም። እንዲህ የሚሉዎትን አይስሟቸው፤ የታዘዘልዎትንም ክኒን እንዳያቋርጡ። ዳጉሳ አሰር አለው፤ ገለባውም አብሮ ስለሚፈጭ ከነጭ የፉርኖ ዱቄት ይልቅ ስኳሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚለቀው። ቢሆንም ስታርች ነው፤ ብዙ ከተበላ ስኳር ከፍ ማድረጉ አይቀርም። ጥሩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በ100 ግራም ውስጥ 340 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ይሄ ከስንዴ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእርስዎ ዕድሜ ለአጥንት እሱ ቁም ነገር ነው።

ስለዚህ ማሩን ያስቀሩ። ሁለት ትንንሽ ቂጣ፣ ከጎኑ እርጎ ወይም ወፈር ያለ ሽሮ፣ ጎመንም ካለ ጎመን። ሻይዎ ያለ ስኳር ይሁን። አብሹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሊጥ ውስጥ የሚገባው ችግር የለውም፤ ግን አብሽ ስኳር ያወርዳል ብለው በየማለዳው በብርጭቆ የሚጠጡ ከሆነ ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ከልክ በላይ ሊያወርድብዎት ስለሚችል ለሚከታተልዎት ሐኪም ይንገሩ።

የሚጠበሰው ቫዳ ይባላል። ያው ሊጥ ነው፤ ጠንከር፣ ወፈር፣ አነስ ተደርጎ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ጉጃራት ውስጥ በዝናቡ ወቅት ሺታላ ሳታም የሚባል በዓል አላቸው። በዚያ ቀን ምድጃ አይነድም፤ ምግቡ ሁሉ በዋዜማው ተሠርቶ ያድርና ቀዝቃዛው ይበላል። ቫዳው ሳይበላሽ የሚያድር ስለሆነ ለዚያ ቀን ይመቻል። በዓመት በዓል ነው እንግዲህ። ባህላዊ ስለሆነ ብቻ ጤናማ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዘይት የጠጣ ዳጉሳ ዘይት የጠጣ ዳጉሳ ነው። እርስዎ የምጣዱን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከቆላ ድባ። እርጎ አለበት ብላችሁ በጾም እንዴት ሊሆን ነው? ደግሞ ምንም ዘይት የማይነካው አሠራር አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እርጎውን አውጪና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አግቢ። ልስላሴው ስለሚቀንስ አንድ መካከለኛ ድንች ቀቅለሽ፣ ፈጭተሽ ከሊጡ ጋር እሺው። በቃ። ብዙ ጉጃራቶች ሥጋም እንቁላልም አይበሉም፣ ከነሱ ውስጥ ጄይን የሚባለው ሃይማኖት ተከታዮች ጭራሽ ሽንኩርትና ድንችም አይቀምሱም፤ ስለዚህ የእኛ ጿሚ ከእነሱ ጓዳ የሚበደረው ብዙ ነገር አለ። ዘይቱ ከቤት የተጨመቀ ኑግ ከሆነማ ጣዕሙ ሌላ ነው።

ያልሽው በእንፋሎት የሚበስለው ሙቲያ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። አንድ ዝኩኒ ፈቅፍቀሽ ጨው ነስንሺበትና ውሃውን ጨምቀሽ አስቀምጪ። አንድ ተኩል ኩባያ ዳጉሳ፣ ግማሽ ኩባያ ቅመም ያልገባበት የሽምብራ ዱቄት፣ ዝኩኒው፣ እዚያ ላይ የጠቀስኳቸው ቅመሞች፣ ሎሚ። ዝኩኒው ላይ የቀረው እርጥበት ለማቡካት ካልበቃ ብቻ ጨምቀሽ ያስቀመጥሽውን ውሃ ጨምሪ። በመዳፍሽ እየጨበጥሽ እንደ አውራ ጣት ወፈር ያለ ጥቅል አውጪ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተሽ ከላዩ የብረት ወንፊት ጣዪ፣ ጥቅሎቹን ደርድሪ፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልለሽ ክደኚ፤ ላቡ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብበት ነው።

የህንድ የምግብ አሠራሮች 20 ደቂቃ ይላሉ። እሱ ለእነሱ ቆላ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንፋሎቱም ያን ያህል ብቻ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ስጪው። ቢላ ወግተሽ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። በደንብ ሳይበርድ እንዳትቆርጪው፣ ይፈረፈርብሻል። አንቺ ዘይት አትፈልጊም፤ እንዲሁ በሎሚና በቃሪያ ይበላል። ዘይት የማይፈራ ሰው ደግሞ በአንድ ማንኪያ ዘይት የሰናፍጭ ፍሬ እስኪንጣጣ አሙቆ፣ ሰሊጥ ጨምሮ፣ የተቆረጠውን ገልበጥ ገልበጥ ያደርገዋል። ሰናፍጩ ሲንጣጣ ፊትሽን ዞር አድርጊ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ደም አንሶሻል ተብያለሁ። ቀይ ዳጉሳ ደም ይሞላል ይባላል። እውነት ነው? ደግሞ አሸዋው አስቸገረኝ።

መልስ፦ ቀለሙ አያሳስትሽ። ቅላቱ የሚመጣው ታኒን ከሚባል ነገር ነው፤ እሱ እንዲያውም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዛል። ዳጉሳውን ሌሊት ዘፍዝፈሽ፣ ትንሽ አብቅለሽ፣ አድርቀሽ ብታስፈጪው ይሻላል፤ ሎሚም ይረዳል። ሻዩን ግን ከቂጣው ጋር አትጠጪው፤ ቡናውንም። አንድ ሰዓት ያህል አቆዪው። አብሽ በብዛት አሁን አይመከርም፣ ስለዚህ ቅጠሉን በጎመን ቀይሪው። የታዘዘልሽን የብረት ክኒን ዋጪ፤ ዳጉሳ እሱን አይተካም።

አሸዋው እውነት ነው፤ ዳጉሳ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከአውድማ አብሮ የሚመጣው አፈር በዓይን አይለይም። ማንፈስ ብቻ አይበቃም። ሰፋ ባለ ሳፋ ብዙ ውሃ ውስጥ አድርጊና በእጅሽ አማስለሽ ከላይ ያለውን ቀስ እያልሽ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪ፤ አሸዋው ሥር ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሚው። ፀሐይ ላይ አድርቂ፣ ሽታው እስኪወጣ ብቻ ለብ አድርገሽ ቁዪው። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከጤፍ ቀጥሎ እንዲፈጩልሽ ጠይቂ፤ በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ ከወጣ ነገርሽ ሁሉ አዋዜ ይሆናል።