የሕሙማን የቴሌግራም ቡድንና የምስጢር ጉዳይ

ጥያቄ፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የስኳር ሕሙማንን የምከታተል ነርስ ነኝ። ሕሙማኑ ተራ ሲጠብቁ እርስ በርስ ሲመካከሩ አይቼ፣ ምክክሩ በየቤታቸውም እንዲቀጥል በማሰብ ስልክ ቁጥራቸውን ከካርዳቸው ላይ ወስጄ የቴሌግራም ቡድን ከፈትኩላቸው። ኢንሱሊን መወጋት ይፈሩ የነበሩ ሰዎች ከሌሎች ሰምተው ደፍረዋል። በቅርቡ ግን አንዲት ወጣት የጻፈችው መልእክት ፎቶ ተነሥቶ እጮኛዋ ቤተሰብ ዘንድ ደረሰ። ኃላፊዬም ለሪፖርት የውይይቱን ቅጂ ጠይቆኛል። ቡድኑን ልዝጋው?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦ የሕሙማኑን ምክክር እንዲያቋርጡ አንመክርም፤ የመርፌ ፍርሃትን መርፌውን የለመደ ሰው ያህል የሚያበርድ የለም። ሆኖም ስሕተቱ የተጀመረው መልእክቱ ፎቶ በተነሣበት ዕለት ሳይሆን ቁጥሮቹ ከካርዱ ላይ በተገለበጡበት ዕለት ነው። ሕሙማኑ ስልካቸውን ያስመዘገቡት ለሕክምና ክትትል ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ተርታ መድቦታል። አንድ ሰው ምንም ባይጽፍ እንኳ በስኳር ሕሙማን ቡድን ውስጥ መገኘቱ ብቻ ሕመሙን ይናገርበታል።

በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ባለሙያዎችን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይቀጣል። ይህ የሙያ ግዴታ እርስዎን እንጂ የቡድኑን አባላት አያስርም፤ ብዙ ሕሙማን ግን ነርሷ ባለችበት ሁሉ የምርመራ ክፍሉ ምስጢር አብሮ ያለ ይመስላቸዋል። ይህንን ከመግባታቸው በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባ ነበር።

ስለዚህ ሕመሙን የማይጠቅስ ስም ያለው፣ «የማክሰኞ ቡድን» እንደማለት ያለ፣ አዲስ ቡድን ይክፈቱ፤ ስልኩ በብዙ ቤት የጋራ ነው፣ ስሙም ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላልና። መግቢያ ሊንኩን በወረቀት ሰጥተው የፈለገ ራሱ ይግባ፤ የሚያክመውን ባለሙያ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለብዙ ሰው ይከብዳል። ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ በቴሌግራም ቅንብር እንዲደብቁ ያሳዩአቸው፤ የቀድሞውን ውይይት አዲስ ገቢ እንዳያየው፣ መልእክትም ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ ያድርጉ። የቴሌግራም ሚስጥራዊ ውይይት የሚሠራው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ እንጂ በቡድን አይደለም፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትን የሚያግድ ቅንብርም የለም።

ለኃላፊዎ ቅጂውን አይስጡ። ስንት ሰው እንደተሳተፈና በምን ጉዳይ ላይ እንደተመካከሩ፣ ያለ ስም፣ ለሪፖርቱ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወጣቷን ለብቻዋ አግኝተው ይቅርታ ይጠይቋት፤ መልእክቶቿ እንዲጠፉ ትፈልግ እንደሆነም ይጠይቋት። ቅሬታዋን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ እንደምትችል ይንገሯት፤ ቅሬታው እርስዎንም የሚነካ ቢሆን እንኳ አይደብቋት። ፎቶውን ማን እንዳነሣ በቡድኑ ውስጥ አይጠይቁ፤ ያልሰማው ሁሉ የሚሰማው ያኔ ነው።