ብረት ወይስ አሉሚኒየም? የአዳማ ሰዎች የጠየቁኝ

ስለ ብረታ ብረት ጥያቄ ያለው ይምጣ ካልኩ ወዲህ ከጋራዥም፣ ከግንባታም፣ ከማጀትም ጎርፎልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳያወሳስቡ ይንገሩን። የቱ ነው የሚጠነክረው?

መልስ፦ የቱ አሉሚኒየም? የቱስ ብረት? ለበርና መስኮት የሚሆነው 6063 ቲ5 (ቁጥሩ የአሉሚኒየሙ ቅይጥ ዓይነት ነው፤ ቲ ያለው ደግሞ በሙቀት የታከመበት ደረጃ) በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 15 ኪሎ ያህል ሲያርፍበት ተጣሞ ይቀራል። ተራው ለስላሳ ብረት 24 አካባቢ ይችላል። 6061 ቲ6 ወደ 28 ይደርሳል። አውሮፕላን የሚሠራበት 7075 ቲ6 ደግሞ 50ን ያልፋል። በሙቀት የጠነከረ የማሽን ብረት ከ100 በላይ የሚችል ሞልቷል። ስለዚህ አንዳንዱ አሉሚኒየም አንዳንዱን ብረት ይበልጣል። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ጥያቄ ብዙ አያራምድም። ቀጣዩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ካሶኒ እሠራለሁ። አንድ ደንበኛ የብረቱን ቱቦላሬ ትተህ በዚያው ልክ በ6061 አሉሚኒየም ሥራልኝ ይለኛል። ከብረት ይጠነክራል ብሎ ነው። ልሥራለት?

መልስ፦ በዚያው ልክ ከሆነ አትሥራለት ወንድሜ። ደንበኛህ ስለ ጥንካሬው አልተሳሳተም። የረሳው ግትርነትን ነው። ጥንካሬ ማለት ተጣሞ እስኪቀር ድረስ የሚችለው ጭነት ነው። ግትርነት ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ገና ሲጫንበት ምን ያህል ይለመጣል የሚለው ነው። በዚህ በኩል ብረት 200 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ አሉሚኒየም 70። ልካቸው አንድ ከሆነ አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይለመጣል።

ሰው የማያምነኝ ቀጥሎ ያለውን ነው። ውድ አሉሚኒየም ብትገዛም ይሄ አይለወጥም። 6063ም ሆነ 7075 ያው 70 አካባቢ ናቸው። ብረትም እንደዚሁ፤ ፌሮውም ባሌስትራውም 200 አካባቢ ናቸው። ግትርነት በገንዘብ ሳይሆን በቅርጽ ነው የሚስተካከለው። 3 ሚሊሜትር የብረት ላሜራን በ4.3 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ብትተካው እኩል ይገትራል። አንዱ ካሬ ሜትር ግን ከ23 ኪሎ ተኩል ወደ 12 ኪሎ አካባቢ ይወርዳል። ቱቦላሬ ከሆነ ቁመቱን (ርዝመቱን ሳይሆን የጎኑን ከፍታ) ጨምርበት። ጅቡቲ ለሚመላለስ መኪና የቀነሰ ኪሎ ሁሉ ጭነት ይሆንለታል፤ ብዙ የነዳጅ ቦቴ ከአሉሚኒየም የሚሠራውም ለዚህ ነው።

ሌላው ብየዳው ነው። 6061 ቲ6 ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ታክሞ ነው። ስትበይደው አጠገቡ ያለው ክፍል ግማሽ ያህሉን ጥንካሬ ያጣል። መጋጠሚያውን ጭነት ከሚበዛበት ቦታ አርቀው።

ጥያቄ፦ አዳማ ዙሪያ ያሉት የንፋስ ኃይል ማማዎች ለምን ከአሉሚኒየም አልተሠሩም? ቀላል አይሆኑም ነበር?

መልስ፦ ይሄን የጠየቀው ተማሪ ነው፤ በጣም ደስ አለኝ። ማማዎቹ ብረት ናቸው። ንፋሱ ቀንና ሌሊት ያወዛውዛቸዋል። ብረት በመወዛወዝ ድካም ረገድ ወሰን አለው፤ ጫናው ከዚያ ወሰን በታች ከሆነ ሚሊዮን ጊዜ ደጋግሞ ቢያርፍበትም አይሰነጠቅም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። ጫናው ትንሽ ቢሆን እንኳን ድግግሞሹ ከበዛ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። አውሮፕላን በየጊዜው ስንጥቅ የሚፈተሽበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ግትርነቱንና ዋጋውን ጨምርበትና ብረት ያሸንፋል።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚወስደውን የከፍተኛ ኃይል መስመር ተመልከት። እንዲህ ያለው ሽቦ በአብዛኛው ውጪው አሉሚኒየም፣ መሃሉ ብረት ነው። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል፤ ብረቱ ክብደቱን ይሸከማል።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ ያለ አንድ በያጅ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቸርኬ እበይድልሃለሁ አለኝ። ላስበይደው?

መልስ፦ አታስበይደው። በአርጎን ጋዝ የሚሠራ የብየዳ ማሽን ካለው መበየዱን ይበይደዋል። የአሉሚኒየም ቆዳ፣ ማለትም ላዩን የሚሸፍነው ስስ ኦክሳይድ፣ የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውስጡ ግን 660ን ሳያልፍ ይፈሳል። እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። እሱን የለመደ በያጅ ይወጣዋል እንበል። ግን ቸርኬ ብዙውን ጊዜ በሙቀት የታከመ ነው፤ በየዙሩም ጫና ይፈራረቅበታል። ከላይ ስለ ድካም ያልኩት እዚህም ይሠራል። በፈጣን መንገዱ ላይ እንዲለቅህ አትፈልግም።

ጥያቄ፦ አሉሚኒየም አይዝግም ይባላል። የእኛ መታጠቢያ ቤት በር ግን በቡሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት እያወጣ ተበላ።

መልስ፦ ቡሎኖቹ ብረት ወይም ስቴንለስ ናቸው መሰለኝ። ሁለቱ ማዕድኖች ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ ተጎጂው አሉሚኒየሙ ነው። በመሃላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገቡ። እርጥብ ሲሚንቶም ይበላዋል፤ ልስን ሲለሰን መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ሲበረታ የአሉሚኒየም መስኮቴ አልከፈት ይላል።

መልስ፦ አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚረዝመው የብረትን እጥፍ ያህል ነው። 3 ሜትሩ በ40 ዲግሪ ለውጥ ወደ 3 ሚሊሜትር ይጨምራል። ሠራተኛው ክፍተት አልተወለትም።

ጥያቄ፦ ቲማቲም በአሉሚኒየም ድስት መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ፤ ግን አታሳድሪበት። አሲዱ ድስቱን ይበላዋል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ውራጅ እገዛለሁ። አሉሚኒየሙን በማግኔት ብቻ መለየት ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃህም። ማግኔት የማይዘው ስቴንለስም አለ። በእጅህ መዝነው፤ እኩል መጠን ካላቸው ስቴንለሱ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ከተጠራጠርክ ጥጉን በሞረድ ንካው። አሉሚኒየም ወዲያው ይሞረዳል፣ የሞረዱንም ጥርስ ይደፍነዋል።